አራት ሞተር ይዞ መነሳት ያቃተው አውሮፕላን

ይችን ስሙኝማ። ወገዳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ቄስና ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ያወራሉ። ቄሱ ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ በሳምንቱ ይበራሉ፤ ፈርተዋል።

«ልጄ፣ አውሮፕላኑ ጉልበት አለው?»

«የኔስ አራት ሞተር ነበረው፣ አባ። ግን መነሳት አቃተው! ሜዳው ሊያልቅ ሲል ነው እየተንፏቀቀ የተነሳው።»

«እመብርሃን! አንቺስ ምን አረግሽ?»

«ቀበቶዬን ፈትቼ ብድግ አልኩ።»

«ልትጸልዪ?»

«ልወርድ ነዋ! እዚህ በተበላሸው መንገድ ዳገቱ ሚኒባሱን ሲያቅተው እንደምንወርደው፣ እንዲቀለው ብዬ።»

«ደግ አረግሽ! ወረድሽ ታዲያ?»

«አስተናጋጇ ጎትታ አስቀመጠችኝ።»

«እኔን እንኳ አትጎትተኝም፤ ቄስ ነኝ።»

እኔም በሆዴ፦ እናንተ መንገዳችንን ይዛችሁ የተኛችሁ ሹሞች፣ እኚህ አባት ሰማይ ላይ በሩን ቢከፍቱ ተጠያቂው ማን ነው?