ዶሮ ወጡን ያልነካው ተከራይ

ቤታችን መካነ ሰላም፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር አጠገብ ነው። በቀደም አንድ ከጎጃም የመጣ ተማሪ ክፍል ሊከራይ መጣ። አባቴ «ሰይድ እባላለሁ» ብሎ ቁልፉን ሰጠው። እናቴም እንግዳ ነው ብላ ዶሮ ወጥ በእኔ ላከችለት። ልጁ «ጠግቤያለሁ» ብሎ መለሰው። በማግስቱም ከዚያው ወጥ ምሳ ወሰድኩለት፤ አልነካውም። እናቴ ከፋት። «እጄን ተጠይፎ ነው። እንዲህ ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልግ! ሂጂ ጠይቂው» አለችኝ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሳህኑን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ የሙስሊም ሥጋ በልቼ አላውቅም» አለኝ። ቃል ሲጠፋኝ ማተቤን ከአንገቴ ስቤ አሳየሁት። ደነገጠ።

«አባትሽ ሰይድ አይደሉም እንዴ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እንጀራውን ቆርሶ ወጡን ሲያጠቅስ፣ ከውጭ ስታዳምጥ የቆየችው እናቴ ዘው ብላ ገባች።

«አልሐምዱሊላህ! እኔኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር!»

የልጁ እጅ ባለበት ቆመ። አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ።

«እሷም ክርስቲያን ናት! እዚህ ስሙም አነጋገሩም የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው፤ ብላ!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ጎረሰ። እናቴ ግን አፏን ከፍታ የምታየው፣ ሰው ፊት ድምፄን ያሰማሁትን እኔን ነበር።