አባ ጓንጉል የማርጃ ቤት ሲመርጡ

ሰው ያላወቀውን ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ሳያይ ከፈረደ ግን የሚጎዳው ራሱን ነው። ይህን ያስባለኝ ባለፈው በጋ በእስራኤል፣ በረሖቮት ከተማ ከአባ ጓንጉል ጋር ያጋጠመኝ ነገር ነው።

ከገበያ ስመለስ አባ ጓንጉል ምርኩዛቸውን ተደግፈው በአንድ አዲስ ሕንፃ በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ልጃቸው ኤንባል አለች፤ በልጅነቷ አስተምሬያታለሁና ዛሬም «ሞራ»፣ መምህርት፣ ትለኛለች።

«ሞራ ማናለሽ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት» አለችኝ። «ዲዩር ሙጋን ለማየት ቀጠሮ ይዘን አባ አልገባም አሉ።»

«እንዴት ልግባ?» አሉ ሽማግሌው። «ሙጋን ማለት ሚሳይል ሲመጣ የምንሸሸግበት ክፍል አይደለም? ጦርነት ሳይኖር ምን በወጣኝ እዚያ እኖራለሁ?»

ሳቄን ዋጥሁና «ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ ሌላ ነው አባ። ይህ አረጋውያን በየራሳቸው ቤት፣ ጠባቂና ነርስ ሳይለያቸው የሚኖሩበት ነው» አልኋቸው።

ግራ መጋባታቸው ባሰ። «ስድስት ልጅ ወልጄ በባዕድ ቤት ልጦር? ሰው ‹ጓንጉልን ልጆቹ ጣሉት› አይልም?»

ኤንባል እንባዋ መጣ። «አልጣልንዎትም አባ። ቂርያት ሞሼ ሰፈር ያለው ቤትዎ አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ላይ ከወደቁ ወዲህ ለሰንበት ጸሎት እንኳ አልወረዱም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ እርስዎ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያ ካንቺ ጋር ልኑራ።»

«ኦሺዮት ሰፈር ያለውን ቤቴን መጥተው አይተውታል። ጠዋት ሁላችንም እንወጣለን፤ እርስዎ እስኪመሽ ከግድግዳ ጋር ነው የሚውሉት።»

«እንጃ» አሉ ሽማግሌው። «በአገራችን ሰው የሚያረጀው በኖረበት ነበር። እዚህ ለማርጀትም ምርጫ አለው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። አባትን ማክበር የኦሪት ትእዛዝ ነው፤ ግን የሚከበሩት እዚያ ፎቅ ላይ ተዘግተው ነው ወይስ እዚህ? ብቻ «አይተው እምቢ ማለት ይችላሉ። ሳያዩ እምቢ ካሉ ግን ሲያወጡ ሲያወርዱ ይከርማሉ» አልኋቸው። ይህ አሳመናቸው መሰለኝ፣ ገቡ።

ሁለት ቤት አሳዩን። አንዱ ላይኛው ፎቅ ላይ ሆኖ ሰፊና በረንዳ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ምድር ላይ፣ ጠባብ፣ በሩ ወደ አትክልቱ የሚከፈት። ኤንባል ሰፊውን ወደደች። አባ ጓንጉል ግን «በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ የቤት ምኑ ይታያል?» እያሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሱ።

በዚህ መካከል ከጎረቤቱ ቤት ወይዘሮ ወርቂቱ ወጡ። የአንድ መንደር ሰዎች፣ አብሮ አደጎች ናቸው።

«አንቺም እዚህ ነሽ? ልጆችሽ ምን ነካቸው?» አሉ አባ ጓንጉል።

«ምንም አልነካቸው። እኔም እያለቀስሁ ነው የገባሁ» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ። «ቁልፌ በእጄ ነው፤ ስሻ እወጣለሁ፣ ስሻ እዘጋለሁ። ብወድቅ ግድግዳው ላይ ያለችውን የደወል ገመድ እስባለሁ፣ ነርስ ትመጣለች። ልጄ ድሮ መድኃኒቴን አዘጋጅቶ፣ ወለሉን ወልውሎ ይሮጥ ነበር፤ አሁን ተቀምጦ ያወራኛል።»

«ሰንበትስ?»

«ጸሎት ቤቱ ያው እዚሁ ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለው።»

«ስሞትስ ማን ይቀብረኛል?»

«ልጆችህ ናቸዋ። ቤት ቀየርህ እንጂ ልጅ ቀየርህ?»

አባ ጓንጉል የጠባቡን ቤት በር በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ። «አሁንም በደንብ አልጠራልኝም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ጠባቡን ልሞክረው። ብቅ ስል ሰው የማገኝበት ይሻለኛል። ቤሰደር፣ ይሁን።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ኤንባልን አገኘኋት። «አባ ስልክ አያነሡም» አለችኝ። «መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ለካ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ ነው።» አብረን ልንጠይቃቸው ሄድን።

ሰውነታቸው ተመልሷል፤ ሰንበት በሰንበት ጸሎት ቤት ይገኛሉ፤ ልጃቸውም ያለ ሥጋት ሥራዋን ትሠራለች። ቤት መለወጥ ማለት አባትን መጣል እንዳልሆነ በዓይኔ አየሁ። ሽማግሌን ፎቅ ላይ አስሮ ማስቀመጥ ክብር አይደለም፤ ልጆች ከወላጅ ጋር ተማክረው፣ ወላጁ ራሱ አይቶ ሲመርጥ ግን ሁሉም ያርፋል።

ኤንባል እንደ ልማዷ ሳህን ልታጥብ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አሏት አባ ጓንጉል። «ቤቴ መጥተሽ ሳህን አታጥቢም። እንግዳዬ ነሽ።»

ሻይ ቀዱላት። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ አባቷ ሰው ሲያስተናግዱ አላየችም ነበርና፣ እጇን የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ተቀመጠች።