ተራዎ ይደርሳል

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሟ፣ የጥሪ ክፍል ባልደረቦቼ፤ መቃብሯ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አመሰግናለሁ። እርስዎም፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ መምጣትዎ መልካም ነው።

ድምጿን የማያውቅ አለ? ቧንቧው ደርቆበት ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት የደወለ ሁሉ ያውቃታል። «እባክዎ ይጠብቁ። ተራዎ ይደርሳል።» እኛማ «እትዬ ተራዎ» እንላት ነበር። አንዴ ታክሲ ሰልፍ ላይ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ስትል አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «አንቺ ነሽ እንዴ ቀኑን ሙሉ የምታስጠብቂኝ?» አሏት።

«እኔም እየጠበቅሁ ነው፣ አባባ» አለቻቸው።

ምን ነበር የምትጠብቀው? ሐይቅ። ሌላ አይደለም። «የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኜ፣ ከባልዲ የሰፋ ውሃ ሳላይ ልሙት?» ትል ነበር። ፈቃድ ትጠይቃለች። «ሥራ በዝቷል፤ ለከርሞ» ትባላለች። ከርሞ ይመጣል። አሁንም ለከርሞ።

ሠርታ መድከሟን አልነቅፍም። እንዴት እነቅፋለሁ? እኔ ማታ ማታ ስማር ፈረቃዬን የሠራችልኝ እሷ ናት። የራሷን ጨርሳ የእኔን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። «ሂጂ፣ ትምህርቱ እንዳያመልጥሽ» ትለኛለች። ነገን ማሰብ ሞኝነት ነው የሚል ካለ እኔን ይየኝ። የእሷ ነገ እኔ ነኝ። ይኸው ቆሜ እናገራለሁ።

ግን የሰጠችውና የተወሰደባት አንድ ነው? ምሽቷን ለእኔ ሰጠች። ሐይቋን ግን ለማንም አልሰጠችም። ተወሰደባት። ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ እድገቱን ለሌላ ሰጥተው «አንቺም ለከርሞ» ያሉኝም እሷን ፈቃድ የከለከሏት እኚሁ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው።

አሁን የምላችሁን ለማንም አልተናገርኩም። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንዳለ ወድቃ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሲያለብሳት አጠገቧ ነበርኩ። ለመሥሪያ ቤቱ ላረዳ ደወልኩ። ማን አነሳ? እሷ።

«እባክዎ ይጠብቁ።»

አንሶላውን አየሁት። አልተንቀሳቀሰም።

«ተራዎ ይደርሳል» አለች፣ እጄ ውስጥ። ከ«ተራዎ» በፊት ትንሽ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያስተዋልኩት። ጠበቅሁ። ሞታለች ብዬ እንዳልናገር እሷው አስጠበቀችኝ። ማንም አላነሳም። አልጋው ላይ ያለችው ዝም ብላለች፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ገና ሥራ ላይ ናት።

ሥራ አስኪያጁን «ድምጿን አንሱላት፣ ትረፍ» አልኳቸው። ምን አሉኝ? «ለከርሞ እናየዋለን።»

አልጠበቅሁም። ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ራሴ አነሳሁት። በምትኩ የተጣለውን ቅጂ አስገባሁ፤ ድምጿን ስትቀዳ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ፊቴን ሳጣምምባት የሳቀችበትን። «ሳቅ ለሥራ አይሆንም» የተባለውን። አሁን የሚደውል ሁሉ የሚሰማው ያንን ነው። ይጠብቁ አትልም። ትስቃለች ብቻ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ስለ ሥራዬ የሚሉኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እባክዎ ይጠብቁ። ተራዎ ይደርሳል።

እትዬ፣ አንቺ ግን ከእንግዲህ አትጠብቂ። ማዳመጫውን አውልቂ። ሂጂ፣ ሐይቁ እንዳያመልጥሽ። ፈረቃሽን እኔ እይዛለሁ።