ለዶሮ የተጣደ ድስት

ጭሮ ላይ ወፍጮ ቤት ሰልፍ የያዘ ሰው ወሬ ሳይሰማ አይመለስም። እኔም አስተማሪ ነኝና ጆሮዬ አያርፍም። ያን ቅዳሜ የሰማሁትን ግን ባልሰማሁት ብዬ ተመኝቻለሁ።

ከፊቴ የቆሙት ጎረቤቴ አቶ አብዶ ነበሩ። ልጃቸው ኢንሳፍ ከሞተች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። የተወችላቸው ስልሳ የሥጋ ዶሮ ጫጩቶች ብቻ ናቸው። ጥቂት ቆይታ ጓደኛዋ ሹክሪያ መጣች፤ የእንስሳት እርባታ የተማረች ልጅ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ጫጩቶቹ እንዴት ናቸው?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ሃያ ሦስት ቀሩ። እነሱንም ያስቀምጣቸዋል፤ አያድጉም። ለእሷ እያዘኑ ነው እላለሁ።»

«ምን ያበሏቸዋል?»

ጆንያቸውን ፈትተው አሳዩዋት፤ ጥሬ ቦሎቄ ነው። «ኢንሳፍ ‹ቦሎቄ ሥጋ ያወጣል› ስትል ሰምቻለሁ። ቃሏን አላጎደልኩም፤ ከጉሮሮዬ ቀንሼ ነው የማስፈጭላቸው።»

የሹክሪያ ፊት ተለወጠ። «ጥሬውን አይደለም፣ አባባ! ጥሬ ቦሎቄ ዶሮን ይመርዛል፤ የበላችው ምግብ ከሰውነቷ እንዳይዋሃድ ያደርጋል። ተቀቅሎ ነው የሚሰጠው።»

«ወላሂ፣ እናንተ የተማራችሁት ጉድ ናችሁ! ዶሮ ጠጠር የምትፈጭ ፍጥረት ናት። ለሰው ያልበቃ ከሰል ለዶሮ ይነዳል? ኢንሳፍንም አንድ ቀን ድስት ጥዳ አግኝቼ ተቆጥቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ ተወችው፤ ዶሮዎቹ ግን አምሮባቸው ነበር። ይኸስ?»

ሹክሪያ እንባዋ መጣ።

«አልተወችውም። እርስዎ እንዳይከፉባት እኛ ቤት ነበር የምትቀቅለው። አሳድራ ትዘፈዝፋለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ታበስላለች። ከዚያ አድርቃ ታስፈጭና ለአምስት እጅ መኖ አንድ እጅ ትቀላቅላለች። ለቅሶ የደረስኩ ዕለት መንገር ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ አብዶ ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«ከእኔ ደበቀችው?» አሉ። «አይደለም፤ ያስደበቃት የእኔ ቁጣ ነው። የተወችልኝን በገዛ እጄ ገደልኩት።»

ቁጣ በበረታበት ቤት እውቀት በጓሮ በር ይገባል፤ ያስገባው ሰው ሲሞትም አብሮ ይቀበራል። ያን ዕለት በጣም አዘንኩ፤ እኔም በልጆቼ ላይ ቁጡ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በደጃቸው ሳልፍ ድስቱ አደባባይ ወጥቶ አየሁት። ሦስቱ ዶሮዎች ሞተዋል፤ ሃያዎቹ ግን ሥጋ ይዘዋል። ሹክሪያ እንዳለችው፣ ቦሎቄው እዚሁ አገር የሚበቅል ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣውን ውድ መኖ ይቆጥባል፤ ከበሰለ ደግሞ ጤናማ ሥጋ ይሰጣል። ባየች የምትባለው ጎረቤታችን ቆም ብላ፣ «አባባ፣ ይኼ ሁሉ ለዶሮ ነው?» አለቻቸው።

«ለዶሮ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «ነይ እይ፣ አንቺም ተማሪ። በኔ ቤት ከእንግዲህ የሚደበቅ ድስት የለም።»

ከዚያ አንዲት ፍሬ አውጥተው በጣታቸው ተጫኗት። ፈረሰች።

«በስሏል፣ ኢንሳፍ» አሉ።