ሰላምታ ሳይቀድም ሻይ የማያቀርቡት ወይዘሮ ዙፋን መርሻ

ይህን ታሪክ ዛሬ በቀብሩ ላይ ለምታነብላችሁ ጎረቤት ያጫወቷት በአንድ ቤት አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ ራህመት ናቸው፤ የቀረውን ጎረቤት ራሷ አይታለች፣ ጎረቤት ደግሞ ምን ያመልጣታል?

ወይዘሮ ዙፋን ከአባታቸው ከአቶ መርሻ ጉታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትግስት ወሰኑ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲያርፉባቸው፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው በባቡር ጅቡቲ ገብተው፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በራህመት እናት በወይዘሮ ናዒማ ቤት ተቀጠሩ።

በዚያ ቤት ሠራተኛ «አንቺ!» ነበር የምትባለው። ወይዘሮ ዙፋን ግን ሰው ተብለው ሊቆጠሩ ቆርጠው ነበርና፣ በየማለዳው ሻዩን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ?» ይሉና መልሱን ይጠብቃሉ።

«አንቺ፣ ሻዩ በረደ እኮ!»

«ይብረድ፣ እመቤቴ። ስሜ ዙፋን ነው። እንደምን አደሩ?»

ሁለት ጊዜ ተባረሩ፤ ሁለቴም «የሌላዋ እጅ አልጣመኝም» ተብሎ ተጠሩ። በአራተኛው ወር ወይዘሮ ናዒማ ተሸነፉ፤ «ቦንዡር ዙፋን! በይ አሁን ሻዬን!»

ቀጥሎ ግን ጥፋቱ የራሳቸው ሆነ፤ በቀብርም ቢሆን እውነት አይደበቅም። በኢድ ቀን የወይዘሮ ናዒማ ወንድም ሼኽ ዓብዱረዛቅ ሲገቡ፣ ወይዘሮ ዙፋን ባገራቸው ወግ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ሼኹ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ። ወይዘሮ ዙፋንም «ገረድ ናት ብሎ ናቀኝ» ብለው ሼኹን ዓመት ሙሉ ዘጓቸው፤ ሻይ ሲያቀርቡላቸው እንኳ ቃል አይወጣቸውም። በኋላ ራህመት ነገሩን ሰምተው በሳቅ ፈረሱ፤

«ዙፊ፣ አጎቴ እኮ የሚኒስትር ሚስት ብትመጣም እጅ አይጨብጥም! ባዕድ ሴት አይነካም፤ በደረቱ ሰላም ብሎሽ ነው።»

ወይዘሮ ዙፋን አንገታቸውን ደፉ፤ በማግስቱም ነጠላቸውን አደግድገው፣ በሚኒባስ ሼኹ ወደሚኖሩበት ባልባላ ሰፈር ወርደው፣ ከደጃፋቸው ቆመው መዳፋቸውን በደረታቸው አድርገው ይቅርታ ጠየቁ። ሼኹም «ልጄ፣ ወጋችንን መንገር የእኔ ፋንታ ነበር» አሉ።

የባቡር ጣቢያው መካኒክ አቶ ሽብሩ ሽማግሌ ሲልኩ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ (ጎረቤትም አለችበት) «ይቺ ወገን የላት፣ ከማን ሊጠይቋት ነው?» ይል ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲያዩ፣ በአባት ቦታ የተቀመጡት ሼኽ ዓብዱረዛቅ ናቸው። «አባቷ እኔ ነኝ፤ ተናገሩ» አሉ።

ከአቶ ሽብሩ ኢዮስያስንና ዓይናለምን ወልደው፣ አሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ፣ ሐኪም ተኝተው ይቆዩ ቢላቸውም ጠያቂን ተኝተው አልተቀበሉም። በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ትናንት ረፋድ ላይ ዐረፉ።

ሼኽ ዓብዱረዛቅ አምና፣ አቶ ሽብሩም ከእርሳቸው ቀደም ብለው አልፈዋል። ወይዘሮ ናዒማ ዓይናቸው ጠፍቶ ካርቲየ 2 ይገኛሉ፤ ወይዘሮ ራህመት ይጦሯቸዋል። ኢዮስያስ ወደብ ይሠራል፤ ዓይናለም አስተማሪ ናት፤ አራት የልጅ ልጆችም አሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ያድለን።