የአምባላዩ ጭራና የወለተ ኢየሱስ ቫዮሊን

ልጆቼ፣ እኔ ይሥሐቅ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረኝን በጆሮዬ ሞላሁት። እናንተም ይህችን ወግ በጆሯችሁ ስሙልኝ።

አንድ ሐሙስ ከመሐል ሜዳ ገበያ ስመለስ፣ ጎረቤቴን ምንይሉን በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ትምህርት ቤቱን የከፈተው የሰፈሩ ሰው ነው፤ አሮጌ የእህል መጋዘን ጠርጎና ለስኖ። ምንይሉ አምባላይ ፈረሱን ይዞ ቆሟል። ያ ፈረስ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ጭራው መሬት ይጠርጋል። በጥምቀት ጉግስ ላይ ምንይሉን ከሩቅ የሚያስለየውም ያ ጭራ ነው።

"ምነው ምንይሉ፣ ፈረስህ ሊማር መጣ እንዴ?" አልኩት።

"ሊማር ቢሆንማ በምን ዕድሌ! ጭራውን ሊላጩት ነው እንጂ የጠሩኝ!"

ይህን እያለ ሳለ መምህር አፈወርቅ ወጣ። የዘመሮ ከተማ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ። የምንይሉ የልጅ ልጅ ወለተ ኢየሱስ ከኋላው ቫዮሊኗን አቅፋ ቆመች። ልጅቷን ያሳደጋት ምንይሉ ነው።

"እንደምን ዋሉ አባቶቼ" አለ አፈወርቅ ጎንበስ ብሎ። "ጋሽ ምንይሉ፣ ችግራችን ይህ ነው። ወለተ ኢየሱስ ቫዮሊን የምትመታበት ደጋን ፀጉሩ እየተነቀለ ሳስቷል። ከአዲስ አበባ ያዘዝነው አልደረሰም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ደግሞ ኮንሰርታችንን የምትከፍተው እሷ ናት። ደጋን የሚታሰረው በነጭ ፈረስ ጭራ ነው። ዛሬ ልጆቹ ደጋን መጠገን የሚማሩበት ሥልጠና አለን፤ የጎደለን ፀጉሩ ብቻ ነው።"

"እኔስ በጥምቀት ጭራው የተላጨ ፈረስ ላይ ወጥቼ መሳቂያ ልሁን? ደግሞስ ለምኑ ነው? የልጅ ልጄን አዝማሪ ልታደርግልኝ?"

"አዝማሪም ቢሆን ባለሙያ ነው አባቴ፤ ሙያ አያሳፍርም። እኛ የምናስተምረው ግን ክላሲካል የሚባለውን ነው። ከብዙ ዘመን በፊት በወረቀት ተጽፎ የቆየ፣ ልጆች እያነበቡ የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው።"

"ሰምቼዋለሁ በአጥር በኩል። ግጥም የለውም! ያለ ግጥም ዘፈን፣ ያለ ጨው ወጥ!"

አፈወርቅ ሳቅ አለ። "ፈረስዎ ሲጋልብ ግጥም አለው እንዴ? ግን እርስዎ ሲያዩት እንባ እንባ ይልዎታል።"

እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ምንይሉ በዓይኑ ገላመጠኝ። ልቡ ግን ትንሽ እንደተነካ ገባኝ፤ ስለ ፈረስ የተናገረውን ሰው ምንይሉ ጨርሶ አይጠላም።

"ትምህርቷስ? በዚህ ስትንጫጫ ሒሳቧን ልትረሳ?"

ይኼኔ ልጅቷ ራሷ ተናገረች። "አባባ፣ አምና በክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት ያቅተኝ አልነበረም? አሁን ሰሌዳው ፊት ወጥቼ ነው የምሠራው። ሰው ፊት መቆም የለመድኩት እዚህ ነው። ፀጉሩን ባይሰጡኝም አልቀየምም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምተው ይፍረዱ።"

ምንይሉ የፈረሱን ልጓም እኔን አስያዘና በሩ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እሺ፣ በይ።"

ልጅቷ ጀመረች። መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። ቀጥሎ ፈጠን አለ። ምንይሉ ጣቱን በጉልበቱ ላይ ሲያነሳና ሲጥል አየሁት። ድንገት ብድግ አለ።

"ቆይ ቆይ! ያነክሳል!"

"ምኑ ነው የሚያነክሰው?" አልኩ እኔ ፈረሱን እያየሁ።

"ድምፁ ነዋ! መጀመሪያ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ ሶምሶማ ገባ። ሶምሶማው ላይ ግን አንድ እግሩን ይጎትታል። ከዳር በኩል ነው።"

አፈወርቅ ደጋኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከዚያ ለምንይሉ አሳየው፤ ፀጉሩ በአንደኛው ዳር ብቻ ነበር የሳሳው። "አባቴ፣ ተማሪዎቼ ይህን ለመለየት ዓመት ይፈጅባቸዋል። የዜማው ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ግልቢያ ነው። በዚህ ደጋን አትደርስበትም።"

ምንይሉ ፈረሱን አየ፤ ልጅቷን አየ። "በሚያነክስ ፈረስ ላይ ልጄን ሰው ፊት አላወጣም" አለ። "መቀስ አምጡ! ማንም እንዳይነካ፣ እኔ ነኝ የምቆርጠው። ከላይ አይደለም፤ ከውስጥ ከውስጡ ነው የሚወሰደው።"

ልጆቼ፣ ያን ቀን አሠልጣኙ ማን እንደሆነ ጠፋኝ! ምንይሉ ረጅሙንና ልስልሱን ፀጉር ከተሰነጠቀው እየለየ ለልጆቹ ያሳያል፤ በሳሙና ያሳጥባል፤ ያስበጥራል። አፈወርቅ ደግሞ እንዴት እንደሚቋጠርና በደጋኑ ላይ እንደሚወጠር ያስተምራል። መጨረሻ ላይ ፀጉሩ ድምፅ እንዲያወጣ የዛፍ ሙጫ ቀቡትና ልጅቷ ስትስበው ድምፁ መጋዘኑን ሞላው። ልጆቹ ዘለሉ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ዘለልኩ፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን ቂም ይዞብኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። አፈወርቅ አስቀድሞ፣ "ልጅቷ ደጋኗን ወደ ታች እስክታወርድ አይጨበጨብም" ብሎ ለምኖናል። እርምጃው አለፈ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልሳለም። ሶምሶማው መጣ፤ አንዴም አላነከሰም። ግልቢያው ሲገባ ግን ምንይሉ የት እንዳለ ረሳ። ጉግስ ላይ ያለ መስሎት ተነሥቶ፣

"ልጓሙን ልቀቂለት! በይው ወለቴ!" ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። አፈወርቅ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም፤ ፈገግ አለችና ልጓሙን ለቀቀችለት! ደጋኑ ሲወርድ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ምንይሉ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ፤ እንባውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስንወጣ ምንይሉ መንገዱን ሙሉ ፋታ አልሰጠኝም። "ይሥሐቅ፣ ልጅ መታገሥን ከየት ይማራል? ከዚህ ነው። ተራውን ይጠብቃል፣ የጓደኛውን ድምፅ ይሰማል፣ የተበላሸውን ከመጣል ይጠግናል። እኛም ሽማግሌዎቹ ለካ የምናውቀው ነገር ይፈለግ ኖሯል! የአንተንም የልጅ ልጅ ሰኞ ይዘህ ና፤ አለዚያ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ።" ወሰድኩት። እናንተም ልጆቼ፣ አዲስ ነገር በአጥር በኩል ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ በበሩ ገብታችሁ ስሙ።

በቀጣዩ ሐሙስ ገበያ ላይ አንድ ባለ በቅሎ በምንይሉ ሊያሾፍ ፈለገ።

"ምነው ምንይሉ፣ የአምባላይህ ጭራ ሳሳ?"

ምንይሉ ደረቱን ነፋ። "ግማሹ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። የአንተ በቅሎ ጭራ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዝንብ ያባርራል!"