ከነጩ ቀለም ሥር

ደብረ ብርሃን መኪና ስቀባ ሳለሁ፣ ሐጂ ሙሄ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ አሮጌ ላንድሮቨር ሊገዙ ከሻጩ ጋር መጡ። ሻጩ "ከፋብሪካ ስትወጣም ነጭ ነበረች፤ የቤት መኪና ናት" ብሎ ማለ። እኔ ካላየሁ አላምንምና የበሩን ጠርዝ ጎማ ገለጥ አድርጌ በምላጭ ስፍቀው ሰማያዊ ወጣ። ጣሪያዋን ስዳስስ ደግሞ የሳይረን ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ተደፍነዋል። "ሐጂ፣ የፖሊስ መኪና ነበረች፤ አልጠራጠርም" አልኳቸው።

ሐጂ ከኋላ ገቡና ምንጣፉን ሲያነሱ ወለሉ ላይ የተበየደ የብረት ቀለበት አገኙ። ያዝ አድርገውት፣ "ገና ሐጂ ሳልባል ከሰው ተጣልቼ፣ እጄን ከዚህ ጋር አስረው ነው ከአንኮበር ያመጡኝ። ያኔ የፖሊስ መኪና አንዲት ብቻ ነበረች፤ ይቺው ናት" አሉኝ። ግዢው ፈረሰ ብዬ ምላጬን ስሰበስብ "ልጄ፣ ነጩን ፋቅልኝ፤ በዱሮ ቀለሟ፣ ከፊት ተቀምጬ ነው አንኮበር የምገባባት" አሉ።

ሰማያዊውን ከበሩ ጎማ ሥር ካለው ጋር እያስተያየሁ በጥብጬ ቀባኋት። አንኮበር ገበያ ሲደርሱ ሰዉ ፖሊስ መስሎት መንገድ እንደለቀቀላቸው፣ ተመልሰው እየሳቁ ነገሩኝ።